እጅ እስከሚደርስ

ማሻሻያዎች የሚወጡት ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። የክልሉ ምክር ቤት ሰኞ ይሰበሰባል፤ በማግስቱ ጠዋት አምባሮቹ ያነቡታል። አምባር ያሰረ ሰው ንባቡ ሲጀመር ሥራውን ማቆም አይጠበቅበትም። ይህም ራሱ በማሻሻያ የመጣ ነው። ቀድሞ ቆሞ ማዳመጥ ግዴታ ነበር፤ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ እየቆመ ሥራ ሲበደል ምክር ቤቱ ግዴታውን አነሳው።

በዚያ ማክሰኞ ሶፎንያስ የአንድ ደንበኛ ማጅራት ይላጭ ነበር። ጋሽ ኪሩቤል ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ተጠግኖ የዳነ ግራ ክንዳቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈዋል። ሁለቱ አምባሮች ንባቡን አንድ ላይ ጀመሩ። ድምፁ የሴት ነው፤ ረጋ ያለ፣ ነገ ዝናብ ይኖራል የሚል የሚመስል። የአንደኛው አምባር ድምፅ ከሌላው ትንሽ ወደ ኋላ ስለሚቀር ቃላቱ ይደራረባሉ። በዚያ ላይ መላጫው ይጮኻል።

"ምን አለች?" አሉ ጋሽ ኪሩቤል።

"ስለ ዕርቅ ምናምን ነው የምትለው፣ ጋሼ።"

"ፈቀዱ ነው ከለከሉ?"

"ዕርቅማ ድሮም የተፈቀደ ነው።"

አንድ ሰው በሩን ከፍቶ አንገቱን አስገባ። "ተራው የማን ነው? የእርስዎ ነው አባት?"

"እኔ ተራ የለኝም፤ ግባ" አሉ ጋሽ ኪሩቤል። ሰውየው መላጣቸውን አየና ሳቁን ዋጠ። ይህን ጥያቄ በየቀኑ የሚጠይቃቸው አያጡም። ባዶ ወንበር እያለ አንድ መላጣ ሽማግሌ ፀጉር ቤት ውስጥ ሲውል ማየት ለአዲስ ሰው እንግዳ ነው። አምባሩን ሲያይ ግን ሁሉም ዝም ይላል።

ጋሽ ኪሩቤል ማንንም አልከሰሱም። የሚኖሩበት ብሎክ ውኃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። በአንደኛው የውኃ ቀን አሳንሰሩ ቆሞ ሰው ሁሉ ጀሪካኑን በደረጃ ይሸከም ነበር። ሶፎንያስ ባዶ ጀሪካን ይዞ ሲወርድ እርጥብ ደረጃ አዳለጠው፤ ትከሻው ሽማግሌውን ገጨ፤ ሽማግሌው ወደቁ። ራሱ አዝሎ ጤና ጣቢያ አደረሳቸው። አጥንት የሚያየው መሣሪያ፣ "ጉዳቱ የደረሰው በሰው ነው?" ሲል ጠየቀ። ጋሽ ኪሩቤልም እንደ ዋዛ፣ "የጎረቤት ልጅ ገፋ አድርጎኝ ነው" አሉ። ክንዳቸው ታሽጎ ሳያልቅ ከሳሽ ሆነው ነበር።

"የከሰስኩት እኔ አይደለሁም፤ ክንዴ ነው" ይላሉ ለጠየቃቸው ሁሉ።

ማረፊያ ቤቶች ከሞሉ ወዲህ በቀላል ጉዳት የተጠረጠረ ሰው ፍርድ የሚጠብቀው ከከሳሹ ጋር ነው። መንግሥት ነገሩን "የአብሮነት አምባር" ብሎታል። ሰው ግን ቁራኛ ይለዋል፤ በጥንት ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ዳኛ ፊት ይሄዱ እንደነበር አያቶቹ የነገሩት አለ።

መጀመሪያ ላይ ሕጉ ለዘብ ያለ ነበር። የሚፈለገው በጥሪ ርቀት መሆን ብቻ ነው። ጋሽ ኪሩቤል ከላይኛው ፎቅ በመስኮት "ሶፎንያስ!" ይላሉ፤ እሱ ከታች "አቤት ጋሼ!" ይላል፤ አምባሩ ረክቶ ዝም ይላል። በዚያን ሰሞን ብሎኩ ሁሉ ሲጣራና አቤት ሲል ይውል ነበር። ከዚያ አንድ ማክሰኞ የጥሪ ርቀት ቀረና የዓይን ርቀት ተባለ። ጋሽ ኪሩቤል ፀጉር ቤት መዋል የጀመሩት ያኔ ነው። ጀርባ ለጀርባ ሆነው በመስተዋት መተያየት ይበቃል አይበቃም የሚል ክርክር ተነሳ፤ በሌላ ማክሰኞ "በመስተዋት የታየ እንዳልታየ ይቆጠራል" የሚል ወጣ። በስተመጨረሻ የመጣው አሁን ያለው ነው፤ እጅ እስከሚደርስ።

ሶፎንያስ ፍራሹን ይዞ ጋሽ ኪሩቤል ቤት ገባ። እጮኛው ለጥቂት ጊዜ እየመጣች በሁለቱ መሀል ትቀመጥ ነበር። ጋሽ ኪሩቤል ያልሰሙ ለመምሰል ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ልጅቷ አንድ ቀን፣ "ሦስት ሆነን ነው የምንጋባው?" ብላ ወጣች፤ አልተመለሰችም። ሰንበትን ተካፍለውታል፤ አንዱን እሁድ ጋሽ ኪሩቤል የሚያስቀድሱበት ደብር፣ ሌላውን ሶፎንያስ የሚዘምርበት ቤተ ጸሎት። ሽማግሌው አሁን አሁን ሽንኩርት ሲልጡ የጴንጤ መዝሙር ሲያንጎራጉሩ ድንገት ለራሳቸው ይታወቃቸዋል። መጸዳጃ ቤት አንዱ ሲገባ ሌላው እጁን በበሩ ክፍተት አሾልኮ ይቆማል። መጀመሪያ አፍረው ነበር። አሁን በዚያው ቆመው ስለ ሽንኩርት ዋጋ ያወራሉ።

ችሎቱ አይደርስም። ማሻሻያ በወጣ ቁጥር ክሱ በአዲሱ ሕግ እንዲታይ ወደ ወረፋው መጨረሻ ይመለሳል፤ ማሻሻያ ደግሞ በየሳምንቱ ይወጣል። ይህን ያመጣው ማንም ክፉ ሰው አይደለም። ሁሉም ማሻሻያ ትንሽ ነበር።

ጋሽ ኪሩቤልን ያስጨነቃቸው ሌላ ነው። ብቸኛ ልጃቸው አርሴማ የምትኖረው ከወንዙ ማዶ፣ በሌላው ክልል ነው። እናቷ ሞታለች፤ ባሏ መርከብ ላይ ነው። የመጀመሪያ ፅንሷ አልጸናላትም። አሁን ሁለተኛው ደርሷል። ከወንዙ ወዲያ የዚህ ክልል ሕግ አይሠራም፤ ስለዚህ አምባር አስሮ ወንዙን መሻገር ማምለጥ ነው።

በዚያው ማክሰኞ፣ ንባቡ እንዳበቃ፣ ደወለች።

"አባዬ፣ ሐኪሟ ከዚህ ሳምንት አያልፍም ብላኛለች።"

"እመጣለሁ።"

"ባለፈውም እንደሱ ብለህ ነበር።"

"ያኔ ቀጠሮው ተላልፎብኝ እኮ ነው።"

"አውቃለሁ አባዬ። አልተቆጣሁም።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ሌሊት ሌሊት እፈራለሁ፤ እሱን ልነግርህ ነው።"

እጅ በሚደርስበት ርቀት ምስጢር የለም። ሶፎንያስ መላጫውን አጥፍቶ ቆመ። ደንበኛው ግማሽ ጭንቅላቱ ተላጭቶ በመስተዋት ያያቸዋል።

"ጋሼ፣ ድንጋይ ልሸከም።"

"ምን አድርገህ? ደረጃው ነው የጣለን።"

"ይሁና። ታናሹ እኔ ነኝ። ሽማግሌ ፊት ተሸክሜ እግርዎ ላይ ልውደቅ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ክሱ ይዘጋል። ስንት ሰው እንዲህ ተፈታ።"

"ሳትበድል?"

"ታላቅና ታናሽ ሲጣላ የበደለ ተፈልጎ ያውቃል እንዴ?"

ይህ እውነት ነው። በአገሩ ልማድ ዕርቅ ሲሆን ታናሽ ጎንበስ ይላል፤ ማን እንዳጠፋ ከዚያ በኋላ አይነሳም። ጋሽ ኪሩቤልም በልጅነታቸው ስንቴ ላላጠፉት ጎንበስ ብለዋል።

"ወንድሜ" አለ ደንበኛው፣ "ዕርቁ ይደርሳል፤ ግን የኔን ግማሽ ጨርስልኝ።"

*

እሁድ ከሰዓት የብሎኩ ዕድር አዳራሽ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሽማግሌ ሆነው የተቀመጡት የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ያፌትና የታችኛው ፎቅ ነዋሪዋ እትዬ ሶልያና ናቸው። ጋሽ ኪሩቤል ሻንጣቸውን ይዘው ነው የመጡት፤ የአጥሚት እህል፣ ለጋ ቅቤና አንድ ትንሽ ብርድ ልብስ አለበት። አርሴማን ምጥ የያዛት ጠዋት ነው። ወደ ማዶ የሚሄደው አውቶቡስ ከመምሸቱ በፊት ይነሳል።

ጋሽ ያፌት ከፌስታል ውስጥ የተሰበረ ብሎኬት አወጡ።

"ይሄ ድንጋይ ነው?" አሉ እትዬ ሶልያና።

"ድንጋይ ከየት ላምጣልሽ? ሰፈሩን ሁሉ አንጥፈውታል። እሱንም ከግንባታ ቦታ ለምኜ ነው።"

"ቀዳዳ አለው እኮ።"

"ይሻላል፤ በደሉ በዚያ ይፍሰስ።"

ሳቁ። ሶፎንያስም ሳቀ። ብሎኬቱን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና ወደ ጋሽ ኪሩቤል እግር ወደቀ። "አጥፍቻለሁ ጋሼ፣ ይማሩኝ" አለ።

"ይቅር ለእግዜር" አሉ ጋሽ ኪሩቤል። ብሎኬቱን በደህናው እጃቸው አነሱለት። "ተነስ ልጄ።"

ሁለቱ አምባሮች አንድ ላይ ተናገሩ።

"ተከሳሽ በሽማግሌ ፊት ጥፋቱን በሥርዓት አምኗል። ባለፈው ማክሰኞ በወጣው ማሻሻያ መሠረት የዕርቅ ሥርዓት እንደ ሙሉ የእምነት ቃል ይቆጠራል። ተከሳሽ ለቅጣት ተላልፏል። ማጓጓዣ በመንገድ ላይ ነው። ከሳሽ ነፃ ነው። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን።"

የጋሽ ኪሩቤል አምባር ቀጭ ብሎ ተከፈተና ወለሉ ላይ ወደቀ። የሶፎንያስ ጠበቅ አለ።

ሶፎንያስ አሁንም ተንበርክኮ ነው።

"ቅጣት ማለት የት?" አሉ እትዬ ሶልያና።

"የቆላው የሥራ ጣቢያ ነው የሚሆነው" አለ ሶፎንያስ። ቦታውን የሚያውቀው ከሚላጫቸው ሰዎች ጭንቅላት ነው። ከዚያ የተመለሱ ሰዎች መጀመሪያ የሚመጡት ፀጉር ቤት ነው፤ የራስ ቆዳቸው በፀሐይ ተልጦ መላጫ አያስነካም።

የወደቀው አምባር ከወለሉ ላይ ንባቡን ቀጠለ። "ከሳሽም የይቅርታ ሥርዓቱን ለተከሳሽ ከፈጸመ ጥፋቱ የጋራ ይሆናል። የጋራ ጥፋት ያለበት ክስ ወደ ወረፋው መጨረሻ ይመለሳል። ምርጫው ማጓጓዣው እስኪደርስ ክፍት ነው።"

"ምን ማለት ነው?" አሉ ጋሽ ኪሩቤል።

ጋሽ ያፌት አገጫቸውን አሹ። "ማለትማ፣ አንተም ብሎኬቱን ከተሸከምክለት ሁለታችሁም ጥፋተኛ ትሆናላችሁ ነው። ልጁ አይወሰድም። እንደገና አብራችሁ ትታሰራላችሁ።"

"አውቶቡሱስ?"

"ይሂዱ ጋሼ" አለ ሶፎንያስ። "ልጅቷ ብቻዋን ናት።"

"አንተስ?"

"እኔ ጎረምሳ ነኝ። ኮፍያ አደርጋለሁ።" ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። "ይሂዱ በቃ። ቆመው ሲያዩኝ ይብስብኛል።"

ጋሽ ኪሩቤል ሻንጣቸውን አነሱ። እትዬ ሶልያና መንገድ ለቀቁላቸው። ማንም አልወቀሳቸውም፤ ልጃቸው ልትወልድ ነው። በሩን ከፍተው ወጡ።

ደጃፉ ላይ ትንሽ ደረጃ አለ። ጋሽ ኪሩቤል እንደ ልማዳቸው ከመውረዳቸው በፊት ግራ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ። ክንዳቸው ከተሰበረ ወዲህ ደረጃ ሲወርዱ ሶፎንያስ ነው የሚይዛቸው፤ ምንም ሳይባባሉ ይይዛቸዋል። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። እንደዘረጉት ቆሙ።

በግቢው በር በኩል ነጭ መኪና እየታጠፈ ገባ። ሾፌር የለውም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፣ የብሎክ ቁጥር እያነበበ።

ጋሽ ኪሩቤል ተመለሱ። ሻንጣውን በሩ ጋ ጣሉት።

"ያፌት፣ ያንን ብሎኬት አምጣው።"

"አንተ ሰው፣ ልጅህስ?"

"አምጣው አልኩህ፤ ደክሞኛል።"

"ጋሼ፣ ኧረ በማርያም—" አለ ሶፎንያስ። በማርያም ሲል ከአፉ ሰምተውት አያውቁም፤ እሱም ከሳቸው ተጋብቶበታል።

ጋሽ ኪሩቤል ብሎኬቱን በሁለት እጃቸው አንስተው ማጅራታቸው ላይ አደረጉ። ግራው ክንድ አልታዘዝ ብሎ ብሎኬቱ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ። ጉልበታቸውን አንድ በአንድ አጥፈው ተንበረከኩ። ከውጭ መኪናው ሲቆም ተሰማ።

"አጥፍቻለሁ" አሉ። "ይቅር በለኝ።"

ታናሽ ታላቁን ይቅር ብዬሃለሁ የሚልበት ልማድ የለም። "ምን ልበል ጋሼ? እንዴት ብዬ ነው የምለው?"

"እኔ ያልኩህን በል! አንገቴ ሊቆረጥ ነው።"

"ይቅር ለእግዜር" አለ ሶፎንያስ። ብሎኬቱን አነሳላቸው።

"የጋራ ጥፋት ተመዝግቧል" አለ አምባሩ። "ክሱ ወደ ወረፋው መጨረሻ ተመልሷል። እባክዎ አምባርዎን ያጥልቁ።"

መኪናው ትንሽ ቆየ። ከዚያ በሩን ሳይከፍት ዞሮ ወጣ። እትዬ ሶልያና አምባሩን ከወለሉ አንስተው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ለጋሽ ኪሩቤል ሰጧቸው፤ ወዲያው ግን የሰጡት ነገር ምን እንደሆነ ትዝ ብሏቸው ፊታቸውን አዞሩ።

ስልኩ የጠራው ደረጃውን ወጥተው ቤት ሳይገቡ ነው። አዋላጇ ነበረች የያዘችው። መጀመሪያ የተሰማው ለቅሶ ነው፤ ቀጭን፣ የተቆጣ።

"ሴት ናት አባዬ" አለች አርሴማ ከሩቅ። "የት ደረስክ?"

ጋሽ ኪሩቤል ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ሶፎንያስ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ ከዚያ ርቆ መቀመጥ አይችልም።

"ልጄ" አሉ፣ "ልትቆጪ ትችያለሽ።"

*

ልጅቷ ክርስትና በተነሳች ማግስት አርሴማ ወደ ወንዙ መጣች። ድልድዩ መሀል ላይ ቢጫ መስመር አለ፤ ከመስመሩ ወዲህ አንዱ ክልል፣ ወዲያ ሌላው። ጋሽ ኪሩቤልና ሶፎንያስ ከወዲህ በኩል ሄደው መስመሩ ጋ ሲደርሱ አምባሮቹ መንጫጫት ጀመሩ፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሲሉ ዝም አሉ። ቆሙ።

አርሴማ ከስታለች። ለወራት ድምጿን ብቻ በስልክ የሰሙት ልጃቸው መሆኗን ጋሽ ኪሩቤል ቆይተው ነው ያመኑት። እሷም ለአፍታ ሶፎንያስን አየችው። በእሱ ሰበብ ብዙ ቀን በስልክ አልቅሳለች፤ እሱ መሆኑን ሳይነግራት አወቀች።

"ፀጉር አስተካካዩ አንተ ነህ?"

"አዎ እህቴ።" መሬት መሬቱን ያያል። "ይቅርታ ልልሽ ፈልጌ ነበር፤ ግን አሁን እሱንም ፈርቼዋለሁ።"

ሳታስበው ሳቀች። ከዚያ ልጅቷን ከብርድ ልብሱ ገለጥ አድርጋ ከፍ አደረገቻት። ጋሽ ኪሩቤል አዩ። ልጅቷ በፀሐዩ ዓይኗን ጨፍና ታኮርፋለች።

"እናትሽን ነው የምትመስለው" አሉ።

"እኔማ አንተን ነው ያልኩ። መላጣ ናት።"

አርሴማ ጫማዋ መስመሩን እስኪነካ ቀረበች። ልሻገር አለች፤ ሶፎንያስ በፍጥነት እጁን አወዛወዘ። ወዲህ የገባ ሰው ሲወጣ ይመረመራል፤ ማክሰኞ ምን እንደሚወጣ ደግሞ አይታወቅም። ከሕፃን ጋር አይሞከርም።

ያኔ ጋሽ ኪሩቤል ግራ ክንዳቸውን ዘረጉ። ክንዱ ከተጠገነ ወዲህ ሙሉ በሙሉ አይቃናም፤ ሊደርስ ትንሽ ቀረው። ሶፎንያስ የኮታቸውን ጀርባ ጨምድዶ ያዘ፣ እሳቸውም ሰውነታቸውን ጥለው ተንጠራሩ። እጃቸው ቢጫውን መስመር አለፈ። አምባሩ ያለው በቀኙ ነው፤ ዝም አለ። ሕጉ የሚናገረው ስለ እግር ብቻ ነበር።

ልጅቷ ጣታቸውን ያዘች። ስትይዝ ኃይለኛ ናት።

"እንዳትለቀኝ" አሉ ጋሽ ኪሩቤል፤ ለማን እንዳሉት አልታወቀም።

"ይዤዎታለሁ ጋሼ" አለ ሶፎንያስ።

የሶፎንያስ ክንድ እስኪዝል ድረስ እንደዚያው ቆዩ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሶፎንያስ ንባቡ ሲጀመር መላጫውን አጠፋ። ከዚያ እሁድ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ያጠፋዋል፤ ደንበኞችም ለምደውታል። ሴትየዋ በረጋ ድምፅ አነበበች። አጭር ነበር። በድልድዮችና በወሰን መስመሮች ላይ የታየውን ክፍተት ለመድፈን፣ መሻገር ሲባል እጅንም እንደሚጨምር ተሻሽሏል። ማሻሻያ በመውጣቱም ያልተወሰኑ ክሶች ሁሉ ወደ ወረፋው መጨረሻ ተመልሰዋል።

"ሰማህ?" አሉ ጋሽ ኪሩቤል።

"ሰማሁ ጋሼ።"

ጋሽ ኪሩቤል የግራ እጃቸውን ጣት በቀኝ እጃቸው እንደያዙ ተቀምጠዋል። ሶፎንያስ መላጫውን መልሶ ሲያስነሳ አንድ የማይታወቅ ሰው በሩን ከፍቶ አንገቱን አስገባ።

"ተራው የማን ነው? የእርስዎ ነው አባት?"

"አይደለም" አሉ ጋሽ ኪሩቤል። "ግባ።"